ከድልድዩ በላይ ያለው ኩርባ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ከኔ ቡድን ሰው ወደቀ። ሰባት ዓመት ሰዎችን በብስክሌት ሳስጎበኝ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። የቢሮውን ሪፖርት ጽፌ ስለመጣሁ እጄ ዝሏል፤ እዚህ አጠር ላድርገው።

ስምንት ሰዎች ነበሩ። ጠዋቱ ጭጋጋም። ከግንቡ ፍርስራሽ ተነስተን ከወንዙ ማዶ ወዳለው አሮጌ ወፍጮ ቤት ስንወርድ፣ ከአሮጌው የድንጋይ ድልድይ በላይ ባለው ኩርባ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ጎማቸው ከዳቸውና ከድልድዩ ግድግዳ ጋር ተላተሙ። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ዳሌያቸውና ትከሻቸው ተሰብሯል። አምቡላንሱ በአርባ ደቂቃ ደረሰ። እስኪመጣ ድረስ አንገታቸውን ደግፌ ይዤ ነበር። አላለቀሱም።

የማስጠንቀቂያው ሰሌዳ በቦታው አልተቀመጠም ነበር። ሪፖርቱ ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነው። ደግሞም እውነት ነው።

ማክሰኞ 5

አለቃችን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠራን፤ እኔንና ሾፌራችንን።

ሾፌራችንን ሰው ሁሉ «ፍሬኑ» ነው የሚለው። ሚኒባሱን ቁልቁለት ሲያወርድ ኤሊ ከኋላው ሆና «እባክህ አሳልፈኝ» ትለዋለች ይባላል። እኔ ጋሼ ፍሬኑ እለዋለሁ። ሥራ ስጀምር ቁልቁለት እንዴት እንደሚወረድ ያስተማረኝ እሱ ነው። በዕረፍት ቀኑ የራሱን ብስክሌት ይዞ እየመጣ፣ «ዓይንሽ ከሚሄድበት ነው ጎማሽ የሚሄደው» እያለ።

የሱ ሥራ የታወቀ ነው። ከኩርባው በፊት ሚኒባሱ ቀድሞን ያልፍና «ወርደው ይግፉ» የሚለውን ቢጫ ሰሌዳ መንገዱ ዳር ያቆማል። ከዚያ ሁሉም ከብስክሌቱ ወርዶ እየገፋ ድልድዩን ይሻገራል። ድንጋዩ አራት መቶ ዓመት ሲረገጥ የኖረ ነው፤ ሲረጥብ ሳሙና ይሆናል።

«ሰሌዳው የት ነበር?» አለ አለቃችን።

«ሚኒባሱ ውስጥ» አለ ፍሬኑ።

«ለምን?»

ፍሬኑ ወደኔ አየ። እኔ የኢንሹራንሱን ቅጽ እያነበብኩ ነበር። ትንሽ ጠበቀና፣ «አላስቀመጥኩትም፤ በቃ» አለ።

እኔን ማንም የጠየቀኝ ነገር የለም።

ረቡዕ 6

ቅጽ። ስልክ። እንደገና ቅጽ። የመምህሯ ልጅ ደወለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ምሳ አልበላሁም። ነገ ሆስፒታል።

ሐሙስ 7

ሄድኩ። አራት አልጋ ባለው ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ጋ ተኝተዋል። ቀዶ ጥገናው ትናንት ነበር። ብርቱካን ይዤ ገባሁ። እንዳዩኝ «አንቺ ደህና ነሽ?» አሉኝ። እኔን።

«ሌሎቹስ ወፍጮ ቤቱን አዩት?»

አላዩም አልኳቸው።

«አየሽ፣ የሰው ሽርሽር አበላሸሁ» አሉ።

አሥር ደቂቃ ተቀምጬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ቦርሳዬን መርሳቴ ትዝ አለኝ። ስመለስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያቃስታሉ። እኔ ፊት ይዘውት የቆዩት ነው። ቦርሳዬን በጣቴ ጫፍ አንስቼ፣ እንደ ሌባ ወጣሁ።

ዓርብ 8

ፍሬኑ ተባረረ። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶ።

ጋራዡ በር ላይ ተገናኘን። የሥራ ልብሱን በፌስታል ይዟል። «ጋሼ» አልኩት።

«መቼም አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ። በቁጣ አይደለም። ሰዓት ስንት እንደሆነ እንደሚናገር ሰው ነው ያለው። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ።

ምኑን ነው የማውቀው?

እሑድ 10

ባለቤቴ እናቱን ሊጠይቅ ሄዷል። ቤቱ ጭር ብሏል። ሰኞ ጠዋትን ከሥር ከመሠረቱ ላስበው።

ግንቡ ጋ ቆየን። ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹም እንድቀጥል ፈልገው ነበር። በሩን ቆልፎ እንቅልፍ ስለጣለው ዘበኛና ውጭ ብርድ ሲመታው ስላደረው ጌታው ስነግራቸው ሳቁ። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ማቆም አልችልም። እናቴ «አንቺ ሰሚ ካገኘሽ ድስቱ ቢያርር አይሸትሽም» ትለኝ ነበር። ከግንቡ ላይ ሸለቆው ሲታይ ደግሞ ልብ ይሰርቃል። ወንዙ ከታች በጭጋጉ መሃል ብቅ ጥልቅ ይላል፣ ድልድዩ ከሩቅ የሕፃን መጫወቻ ይመስላል፣ ከወዲያ ማዶ የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ። አንዱ ፎቶ፣ ሌላው ፎቶ። ሃያ አምስት ደቂቃ አለፈን።

የወፍጮ ቤቱ ጠባቂ በአምስት ሰዓት ይዘጋል። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አርፍጄ በሩ ተዘግቶብኛል፤ አለቃችን «ከደገምሽው የዚህን ወቅት ቡድኖች ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው» ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ለፍሬኑ «አንተ ቀጥ ብለህ ወደ ወፍጮው ሂድ፤ ሰውየውን በወሬ ያዝልኝ» አልኩት።

ሰሌዳውን ተወው አላልኩም። ቀጥ ብለህ ሂድ ነው ያልኩት። ሁለቱ አንድ አይደለም። ሰሌዳ ማቆም ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከፈለገ ያቆመው ነበር።

አሁን የጻፍኩትን አነበብኩት። ሁለት ደቂቃ ካልፈጀ፣ እኔስ ለምን ቀጥ ብለህ አልኩት?

ድልድዩ ጋ እኔም ከብስክሌቴ አልወረድኩም። መንገዱን ስለማውቀው ነው።

ሰኞ 11

ብስክሌት ማከማቻው ውስጥ። ሁለቱ ወጣት አስጎብኚዎች ጎማ ይነፋሉ፤ እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ነኝ።

«ፍሬኑ ፍሬን በጠሰ» አለ አንዱ። ሌላው እስኪታፈን ሳቀ። ከዚያ «ምስኪን፣ አርጅቶ ነው። እርጅና ያስረሳል» አለ።

አይረሳም። የሁላችንንም ልደት እንኳ ቆጥሮ የሚያስታውሰን እሱ ነበር።

ሳል አድርጌ ወጣሁ። ሁለቱም ዝም አሉ። ለኔ አዝነው ነው ዝም ያሉት።

ሐሙስ 14

አለቃችን ዋና አስጎብኚ አደረገኝ። «በዚያ ቀን ያልተደናገጠች እሷ ብቻ ናት» ብሎ በሁሉም ፊት ተናገረ። አጨበጨቡልኝ። አመሰግናለሁ አልኩ። ምን ልበል?

ባለቤቴ ሲሰማ የሚጠግነውን ማቀዝቀዣ ትቶ፣ በዘይት እጁ እንዳይነካኝ ክንዱን ወደ ላይ አንስቶ አቀፈኝ። ለወንድሙም ለእናቱም ደወለ። «ነግሬሽ አልነበር፣ ሥራሽን የሚያይ አንድ ቀን ያያል» አለኝ።

ቅዳሜ 16

ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። መምህሯ ወረቀት አስመጥተው በግራ እጃቸው ሲያሰሉ ደረስኩ። የመንገዱን ተዳፋት ከካርታ አግኝተውታል።

«ወደ ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር በሰዓት» አሉኝ። «በእርጥብ ድንጋይ ላይ። እንኳን ሰው ፍየልም አያደርገው።»

«መምህር፣ አሁን ይህን ምን አስጨነቀዎት?»

«ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። አንቺ ሳትወርጂ ድልድዩን ስታልፊ አየሁ። ለሷ ከሆነ ለኔም ይሆናል አልኩ። አንቺ ሠላሳ ስድስት፣ እኔ ስልሳ ሦስት። መቀነስ ያቃተው የሂሳብ አስተማሪ።» ሳቁ፤ ሲስቁ ትከሻቸውን ያማቸዋል።

ልጃቸው ብስክሌታቸውን ሊሸጥ ነው። ሁለተኛ ብስክሌት ላይ እንደማይወጡ አስምሏቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሳይነዱ ቀርተው አያውቁም፤ ይህን ያወቅኩት ዛሬ ነው።

«የርስዎ ጥፋት አይደለም» አልኳቸው።

«ታዲያ የማን ነው?» አሉ፤ መልሱን እንደሚጠብቅ አስተማሪ ቀጥ ብለው አይተውኝ።

ነርሷ መድኃኒት ይዛ ገባች። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ነው ያሳፈረኝ።

ማክሰኞ 19

ከአደጋው በኋላ የመጀመሪያ ጉዞ። አዲስ ሾፌር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ወንዙ ሞልቶ። ግንቡ ጋ የዘበኛውን ታሪክ ዘለልኩት። ሰሌዳው ቆሟል። ሁሉም ወርደው ገፉ። እኔም ገፋሁ። ድልድዩ ግድግዳ ላይ ከመምህሯ ብስክሌት የተረፈ ሰማያዊ ቀለም አለ። አንድ ሰውዬ እዚያ ተደግፎ ፎቶ ተነሣ፤ እባክሽ አንሺኝ ብሎ ስልኩን የሰጠው ለኔ ነው።

ቅዳሜ 23

መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ የፍሬኑ ሚስት ከፊቴ ቆማ ኖሯል። ልደበቅ ብዬ ነበር፤ ዘወር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ጉንጬን ስማ፣ እጄን ይዛ አልለቅ አለች።

«አንቺስ እንዴት ነሽ? እሱ ስላንቺ ይጨነቃል። ሰው ከእጇ ወድቆባት እንቅልፍ አይወስዳትም ይላል።»

«እሱስ?»

«መኝታ ቤቱን ቀለም እየቀባ ነው። በሁለት ሳምንት ሁለተኛ ጊዜው ነው። እስካሁን እንዴት ሰሌዳውን እንደረሳው አልነገረኝም፤ ስጠይቀው ብሩሹን አንስቶ ይሄዳል።»

አልነገራትም። ለገዛ ሚስቱ።

ተራዬ ሲደርስ ምን ልገዛ እንደመጣሁ ጠፋኝ።

ረቡዕ 27

ለባለቤቴ ልንገረው ብዬ ጀመርኩ። «ያን ቀን ለፍሬኑ ቶሎ እንዲሄድ ነግሬው ነበር» አልኩት። ሳህን እያጠበ ነበር፤ ውሃውን ዘጋ።

«ቶሎ ሂድ ማለትና ሥራህን አትሥራ ማለት ይለያያል» አለኝ።

እኔ ያን እሑድ እዚህ ለራሴ የጻፍኩት ሰበብ ራሱ። ከአፉ ሲወጣ ሰማሁትና አስጠላኝ። እሱ ግን የኔን ፊት አይቶ፣ «ወይስ ሌላ ነገር አለ?» አለ።

የለም አልኩት። ውሃውን መልሶ ከፈተ።

ቅዳሜ 30

ብቻዬን ሸለቆውን ነዳሁ። ዳገቱ ላይ እግሬን እስኪያቃጥለኝ ረገጥኩ፤ ደረቴ ሲቃጠል ሌላው ነገር ዝም ይላል ብዬ። አይልም።

ኩርባው ጋ ሰዓት ይዤ ለካሁት። ሰሌዳ ማውረድ፣ ማቆም፣ መመለስ። እንደገመትኩት ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ይህ ሁሉ ለዚያች ሁለት ደቂቃ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ነገርኳቸው።

መምህሯ በምርኩዝ ኮሪደሩ ላይ መራመድ ጀምረዋል። አብሬያቸው እየተራመድኩ፣ ፊታቸውን ላለማየት ወለሉን እያየሁ ተናገርኩ። ግንቡ ጋ አርፍጄ እንደነበር። ሾፌሩን ሰሌዳውን ትቶ እንዲያልፍ ያደረግኩት እኔ መሆኔን። ቡድኑን ላስቆም ሲገባኝ ራሴ ሳልወርድ ድልድዩን እንዳለፍኩ። ሰውየው በኔ ምክንያት መባረሩን።

ቆሙ። ግድግዳውን ተደገፉ። ከዚያ፣ «ስለዚህ ያ ሁሉ ብርቱካን ለዚህ ኖሯል» አሉ።

«አዎ፣ መምህር።»

«እኔ በየሌሊቱ ፍጥነቴን እያሰላሁ...» አቋረጡ። «አንድ ወር። አንድ ወር ሙሉ ‘ልጄ አትንጂ ሲለኝ ለምን አልሰማሁም’ እያልኩ ነው የተኛሁት። አንቺ ደግሞ አልጋዬ ሥር ተቀምጠሽ ትልጪልኝ ነበር።»

ይቅርታ አልኩ።

«እሱን አቆዪው። መጀመሪያ ጻፊው። ቀንና ሰዓት ያለው፣ የተፈረመበት። ሁለት ቅጂ፤ አንዱ ለኔ። አለቃሽ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀብረው።»

ኮሪደሩን ብቻቸውን ተመለሱ። ልደግፋቸው ስል ምርኩዛቸውን በመሃላችን አደረጉት።

ሐሙስ 5

አለቃችን ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ።

«ሪፖርቱ ለኢንሹራንሱ ሄዷል። አንቺም ሹመት ተሰጥቶሻል። አሁን የተኛ ነገር መቀስቀስ ለማን ይበጃል?»

«ለፍሬኑ» አልኩ። «ለመምህሯም።»

«መምህሯን ምን አገባት?»

«አንዱ ቅጂ እሳቸው ጋ ነው።»

ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በሩን በእጁ አሳየኝ። እስኪጠራኝ ቤት እንድቀመጥ ነው።

ለባለቤቴ ማታውኑ ሙሉውን ነገርኩት። አልተቆጣም። «ለእናቴ አሁን ምን ብዬ ልደውል?» አለ፤ ለራሱ ነው የሚናገረው።

እሑድ 8

ፍሬኑ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ከፈተችልኝ፤ በዚህኛው ጊዜ አልሳመችኝም። ሰምታለች።

እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የበር ማጠፊያ ዘይት ይቀባል። ተቀመጪ አላለኝም። ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። ተዘጋጅቼበት የመጣሁት ንግግር ነበረኝ፤ ግማሹ ላይ አለቀብኝ።

«ለምን አልተናገርክም፣ ጋሼ? ያን ጠዋት አለቃችን ሲጠይቅህ?»

«አንቺ እንድትናገሪ ነዋ።» ማጠፊያውን ከፈተው፣ ዘጋው። «እኔ ብናገር አሳባቂ ነኝ። አንቺ ብትናገሪ ሰው ነሽ። ይህን ዕድል ልተውልሽ ብዬ ነው። አምስት ሳምንት ስልክ በጮኸ ቁጥር አንቺ ትሆኛለሽ እያልኩ አነሳ ነበር።»

የዘይቱን ጣሳ ክዳን ገጠመ።

«እኔ አንቺን ልጄ ነበር የምልሽ» አለ። ነበር አለ።

ዓርብ 13

አለቃችን ጠራኝ። ፍሬኑ ይመለሳል፤ ያመለጠው ደሞዝ ተከፍሎት፣ ይቅርታ ተጽፎለት። የመምህሯ ልጅ ብስክሌቱን መሸጡን ትቷል፤ «እናቴ ካለቀሰችለት እኔ ምን ቤት ነኝ» ብሏል አሉ። መምህሯ ማልቀሳቸውን አላውቅም ነበር።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለ አለቃችን፣ ብዕሩን እያገላበጠ። «ፍሬኑ አንቺ ባለሽበት ጉዞ ላይ አልነዳም ብሏል።»

«ልክ ነው» አልኩ።

የጠበቀው ሌላ መልስ ይመስለኛል። እኔን አሰናብቶ በቦታዬ አዲስ አስጎብኚ ቀጥሯል። ከመሄዴ በፊት አንድ ቀን መንገዱን እንዳሳያት ጠየቀኝ። ፍሬኑ ለዚያች ቀን ብቻ እሺ ብሏል።

ሐሙስ 19

አዲሷ አስጎብኚ ዋና ታስተምር የነበረች ናት፤ ሳንባዋ እንደ ፈረስ ነው፣ ጥያቄዋ አያልቅም። እኔና እሷ በብስክሌት፣ ፍሬኑ ከኋላ በሚኒባሱ። ጠዋት ስንገናኝ ለሷ «እንደምን አደርሽ» አላት፤ ለኔ ራሱን ዝቅ አደረገ፣ ለማንም እንደሚደረገው።

ሁሉንም አሳየኋት። ግንቡ ጋ ከአሥር ደቂቃ በላይ እንዳትቆይ። የትኛው ዳገት ላይ ሰው ማርሽ መቀየር እንደሚረሳ። ወንዙ ዳር ያለው የምንጭ ውሃ እንደማይጠጣ። እሷ ትጽፋለች።

ከኩርባው በላይ ፍሬኑ ቀድሞን አልፎ ሰሌዳውን አቆመ። ወርደን ገፋን። ድልድዩ መሃል ላይ ስንደርስ ሰማያዊውን ቀለም አየችና፣ «እዚህ ጋ ነው አይደል? ምንድነው የሆነው?» አለችኝ።

ፍሬኑ ሰሌዳው ጋ ቆሟል፤ ከሃያ እርምጃ አይርቅም። ድምፄን ዝቅ ላደርግ እችል ነበር። አላደረግኩም። የወንዙ ጩኸት እንዳይሸፍነው ጮክ ብዬ ከመጀመሪያው ነገርኳት፤ ማርፈዴን፣ ሰሌዳውን ትቶ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ማዘዜን፣ ሳልወርድ ማለፌን፣ ሪፖርቱን፣ ዝምታዬን። ስጨርስ አዲሷ ብዕሯን ይዛ ቀርታለች።

ፍሬኑ ወደኛ ወረደ።

«ሁለት ጊዜ ነው» አለ።

«ምኑ?» አለችው አዲሷ።

«ያዘዘችኝ። መጀመሪያ ስትነግረኝ ሰሌዳውን ሳላቆም አልሄድም አልኳት። ከዚያ እንደገና ነገረችኝ።»

አዲሷ ወደኔ ዞረች። ፍሬኑም ጠበቀ፤ ያን ማክሰኞ አለቃችን ቢሮ ውስጥ እንደጠበቀው።

«አዎ» አልኩ። «ሁለተኛውን ጊዜ ‘የቡድኑ ኃላፊ እኔ ነኝ፣ ያልኩህን አድርግ’ ነው ያልኩት።»

ፍሬኑ ወደ ሚኒባሱ ተመልሶ፣ ሰሌዳውን አጥፎ ጫነ፣ ሞተሩን አስነሳ።

ቤት ገብቼ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ገለበጥኩት። የለም። ለመምህሯ ስናገርም ያ ሁለተኛው ትእዛዝ አልነበረም፤ ለአለቃችን የፈረምኩት ወረቀት ላይም የለም። ረስቼው አይደለም።

ነገ ጠዋት ለመምህሯ እደውላለሁ። ከዚያ ቢሮ ሄጄ ወረቀቱን እጠይቃለሁ፤ አንድ መስመር ይጎድለዋል።